ማስተካከያ፦ የቤት ሽያጭ ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም

«አሜሪካ ውስጥ የቤት ሽያጭ ስለቀዘቀዘ ዋጋው መውረዱ አይቀርም፤ ጠብቁ» የሚል መረጃ በየቦታው ሲነገር ቆይቷል። ግማሹ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሸጡት ነባር ቤቶች (ከዚህ ቀደም ባለቤት የነበራቸው) 4.06 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከ1995 ወዲህ ሽያጩ ይህን ያህል ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። ድምዳሜው ግን መታረም አለበት። በዚያው ዓመት የነባር ቤቶች መካከለኛ ዋጋ ከምንጊዜውም በላይ ነበር።

ምክንያቱ ወለድ ነው። በ2021 መጀመሪያ የ30 ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ከ3 በመቶ በታች ወለድ ይገኝ ነበር። በኦክቶበር 2023 ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። በርካሹ ጊዜ የተበደረ ሰው ቤቱን ሸጦ ሌላ ልግዛ ቢል፣ ተመሳሳይ ቤት እንኳ ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው ይቆለልበታል። ስለዚህ ካለበት አይነቃነቅም። የሸሸው ገዢ ብቻ አይደለም፣ ሻጭም ጭምር ነው። ሁለቱም አብረው ሲቀንሱ ዋጋ በቀላሉ አይወርድም።

ሌላው ስህተት አገሩን ሁሉ አንድ ገበያ ማድረግ ነው። በ2025 ቴክሳስና ፍሎሪዳ ውስጥ ለሽያጭ የቀረቡት ቤቶች ከኮቪድ በፊት ከነበሩት በልጠዋል። እዚያ አዲስ ግንባታም ብዙ ነበር። በቴክሳሷ ኦስቲን ከተማ ዋጋ በ2022 ከፍተኛው ላይ ከደረሰ በኋላ በእርግጥ ወርዷል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ለሽያጭ የቀረበው ቤት በ2025 ገና ከኮቪድ በፊት የነበረው መጠን ላይ አልደረሰም ነበር። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የሚፈልግ ቤተሰብ በኦስቲን ወሬ ተማምኖ ውሳኔውን ባያዘገይ ይሻላል፤ ይህ የብዙ ዓመት ቁጠባ ጉዳይ ነው።

ኤጀንታችሁን የሰፈራችሁን ቁጥር ጠይቁ፦ አሁን ለሽያጭ የቀረበው ቤት ሁሉ በወቅቱ የሽያጭ ፍጥነት በስንት ወር ተሸጦ ያልቃል? ስድስት ወር አካባቢ ከሆነ ገበያው ሚዛናዊ ነው ይባላል። ከዚያ በጣም ካነሰ ሻጩ ያይላል።