መኪናዋ የቆመች ቀን ማን ይከፍላል?

«አዲስ መኪና በሊዝ ልውሰድ ወይስ አጠራቅሜ ልግዛ?» ይሄን ጥያቄ ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ልጆች እሰማለሁ። መልሱን ብዙው ሰው ከውጭ አገር ዩቲዩብ ነው የሚቀዳው። ችግሩ እዚያ ጋ ነው።

ውጭ አገር መኪና ከሻጩ ግቢ ከወጣች ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል። በሊዝ፣ ማለትም በየወሩ እየከፈለ በኪራይ የወሰዳት ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ነድቶ ይመልሳታል፤ ዋጋዋ ከታሰበው በላይ ቢወርድ ጣጣው የአከራዩ ነው። እኛ ጋ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው የኖረው። ቪትዝ ገዝቶ፣ ዓመታት ነድቶ፣ ከገዛበት አስበልጦ የሸጠ ሰው ሞልቷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ፣ የዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ አገር ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ስለዚህ እስካሁን «ግዛ» ያለ ሰው አልተሳሳተም።

እኛ አገር ያለው ሊዝ ደግሞ ለሽርሽር መኪና ታስቦ የመጣ አይደለም። ለትራክተር፣ ለኮምባይነር፣ ሠርቶ ለሚያስገባ ንብረት ነው። የተለመደው አሠራር ከዋጋው 20 በመቶውን አንተ በቅድሚያ ትከፍላለህ፣ 80 በመቶውን አከራዩ ይሸፍንና አንተ ቀስ በቀስ ትመልስለታለህ። ባለቤትነቱ ክፍያው እስኪያልቅ በአከራዩ ስም ይቆያል። ጥገናው ያንተ፣ ኢንሹራንሱ ያንተ፣ ሾፌሩ ያንተ። አንድ ትልቅ ጥቅም ግን አለው፤ ንብረቱ ራሱ ዋስትና ስለሆነ ቤት የሚያስይዝ ዘመድ ፍለጋ ደጅ አትጠናም። ይሄን የሚንቅ ሰው ባንክ ሄዶ ብድር ጠይቆ የማያውቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ጎጃም እንምጣ። ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገድ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ የሚወጣም ሆነ ከሞጣ ሰው የሚያመላልስ፣ መንገድ ሲዘጋ መኪናውን ግቢ አቁሞ ይቀመጣል። የወሩ ክፍያ ግን አይቀመጥም! የሰው ባጃጅ ይዞ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ የሚያስገባው ልጅ፣ መንገድ የተዘጋ ዕለት ባለቤቱን «ጋሼ፣ ዛሬ አልሠራሁም» ይላል፣ ባለቤቱም ቢያጉረመርም ያልፈዋል። በሊዝ የወሰደው ልጅ ይሄን ለማን ይላል? ለእኔ ዋናው ሒሳብ ይሄ ነው። ወለዱ ስንት ነው የሚለው ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል።

ኢንሹራንሱንም ልብ በሉ። «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። የተለመደው ሙሉ ኢንሹራንስ ግን ጦርነትና ሁከት ያመጣውን ጉዳት አይሸፍንም፤ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው ተጨምሮ፣ ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው የሚገኘው። መኪናዋ ብትቃጠል ዕዳው አብሮ አይቃጠልም።

አሁን ደግሞ አዲስ አውቶሞቢል ስትል ኤሌክትሪክ ማለትህ ነው። የባሕር ዳር ከተማ ሜዳ ስለሆነ፣ ማታ ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ይስማማል። ደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ለሚወጣ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ቁልቁለቱ ባትሪውን ትንሽ ቢሞላለትም ዳገቱ መልሶ ይወስደዋል፣ እዚያ ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ የት ሊሞላ ነው? የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ወጪ ባትሪው ነው። ባትሪው ሲደክም አሮጌዋን ማን በስንት እንደሚገዛ ገበያችን ገና አልለየም። እንደ ቪትዟ ዋጋ ትጨምራለች ብሎ መግዛት ቁማር ነው። እንደ ውጭዎቹ ነድቶ የሚመለስ ኪራይ ቢገኝ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና እኔ ራሴ እሱን እመርጥ ነበር።

ለቤተሰብ መኪና ለፈለገ ሰው፣ በዕቁብም ይሁን በቁጠባ ያገለገለች የነዳጅ መኪና በእጅ ብር ይግዛ እላለሁ፤ በውክልና ሳይሆን ሊብሬው በስሙ ዞሮ። ለሥራ በሊዝ የሚወስድ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ። መንገድ ሲዘጋ ክፍያው ይራዘማል ወይ? ይራዘማል ካሉት ውሉ ላይ ያስጽፍ። «እሱን በኋላ እንነጋገራለን» ካሉት ቅድመ ክፍያውን ይዞ ይመለስና፣ በዚያው ብር ያገለገለ ባጃጅ ከሆነለት ሰው ጋር ተጋርቶ ይግዛ። ገቢው ትንሽ ነው፣ ግን ቆማ ብትውል «ክፍያ አምጣ» ብሎ የሚደውልለት የለም።