እስከ ጠረጴዛው ቅርጽ ድረስ ለሚታገሉልን

ባለፈው ሳምንት የሁለት ፓርቲዎችን የቴሌቪዥን ክርክር ልከታተል ቁጭ ብዬ ነበር። ርእሱ ሥራ አጥነት፣ የተመደበው ጊዜ 90 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ 35ቱ ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው አለቀ። አንደኛው ወገን «በፊደል ተራ ይሁን» አለ፤ ሌላኛው «የፊደል ተራው ራሱ ወገንተኛ ነው» ብሎ ተነሣ። አወያዩ ዕጣ ሊያወጣ ብጣሽ ወረቀት ማጣጠፍ ሲጀምር፣ ወረቀቱን ማን ያጣጥፍ የሚል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ቀረበ። ሥራ አጥነት ሆዬ፣ እዚያው ጥግ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

እናንተ መናደዳችሁን አውቃለሁ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ነው የተኛሁት። መስማማት እኮ ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ሕፃናት እንኳ ኳስ ሊጫወቱ ሲፈልጉ በሁለት ደቂቃ ይስማማሉ። አለመስማማት ግን ሙያ ይጠይቃል። ተቀናቃኙ «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ሲል፣ ቀን መቁጠሪያውን ገልጦ ሳያይ «ለዚህ ያበቃን የእናንተ አገዛዝ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው በአንድ ጀምበር አይገኝም። አምና ራሱ ያረቀቀውን ሕግ ዘንድሮ ሌላው ስላቀረበው ብቻ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «አገር የሚያፈርስ ነው» የሚለውንማ ከመቀመጫችን ተነሥተን ልናጨበጭብለት ይገባል።

የዚህ ጥበብ ቁንጮ ግን የፓሪሱ ጠረጴዛ ነው። (ወዳጆቼ ይህን ታሪክ ስጀምር ቀጠሮ ትዝ ይላቸዋል፤ እናንተ ታገሡኝ።) እ.ኤ.አ. በ1968 መገባደጃ ላይ የቬትናምን ጦርነት ለማብቃት አሜሪካ፣ ሳይጎን (የደቡብ ቬትናም መንግሥት)፣ ሐኖይ (የሰሜኑ መንግሥት) እና የደቡቡ አማፂ ግንባር ፓሪስ ላይ ተቀምጠው ሊነጋገሩ ተስማሙ። መቀመጡን ተስማሙ እንጂ የሚቀመጡበትን ገና አልተስማሙም። ሐኖይ «አራት ወገን ነን፤ ጠረጴዛው ለእያንዳንዳችን እኩል ቦታ ይስጥ» አለች። ሳይጎን ደግሞ «አማፂ ራሱን የቻለ ወገን አይደለም፤ ሁለት ጎራ ነን፤ ሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጥ» ብላ ድርቅ አለች። ክብ ይሁን? ክብማ መጨረሻም መጀመሪያም የለውም፤ አማፂው ከሌላው እኩል ይሆናል። ግማሽ ክቦች ተጠጋግተው? ተራርቀው? ሞላላ? በዲፕሎማሲ ያረጁ፣ ቋንቋ በቋንቋ ላይ የደራረቡ ሰዎች ሳምንት በሳምንት ላይ እየተተካ የአናጢ ሥራ ይሠሩ ጀመር። ያውም እንጨት ሳይነኩ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1969 አጋማሽ መፍትሔው ተገኘ። አንድ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ፣ የስም ሰሌዳም ባንዲራም የሌለበት፤ ከግራና ከቀኙ ለጸሐፊዎች ሁለት ትንንሽ ባለአራት ማዕዘን ጠረጴዛዎች፤ ርቀታቸው ከትልቁ 45 ሳንቲ ሜትር። አርባ አምስት! እኔ የምቀናው በዚያች አምስት ነው። 40 ቢሆን ጎራዎቹ ሊነካኩ ነው፤ 50 ቢሆን ጸሐፊዎቹ ወደ ሌላ ድርድር ሊገቡ ነው። ሜትሩን ማን እንደያዘ፣ የሜትሩን ሌላኛ ጫፍስ የየትኛው ወገን ሰው እንደያዘ ባውቅ ደስ ባለኝ። ክቡ ጠረጴዛ ለሐኖይ አራት ወገን ሆኖ ታየ፤ ትንንሾቹ ጠረጴዛዎች ክቡን ለሁለት ስለከፈሉት ለሳይጎን ሁለት ጎራ ሆኖ ታየ። ሁሉም አሸንፎ ተቀመጠ። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ጥሩ ጠረጴዛ አያጣድፍም።

በእነዚያ ሳምንታት ግን ሰው ይሞት ነበር። በ1968 ብቻ ከ16,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞተዋል፤ የሞቱት ቬትናማውያን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ልጇ የሞተው ግማሽ ክብ ይሁን ሙሉ ክብ እየተባለ በነበረበት ሰኞ እንደሆነ ለአንዲት እናት ምን ተብሎ ይነገራል? ይህ አያስቅም። ለራሱ ክብር ሲል የሌላውን ዕድሜ የሚመነዝር ሰው ክራቫት ስላሰረ ብቻ ጨዋ አይባልም።

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ሌሎችም ባለውለታዎች አሉን። የድሮዎቹ ፖላንዳውያን አንድ የምክር ቤት ተወካይ ብቻውን ተነሥቶ «አልፈቅድም» ካለ ጉባኤው ከነውሳኔዎቹ እንዲፈርስ ፈቅደው ነበር። ሥርዓቱን የሻሩት እ.ኤ.አ. በ1791 ነው፤ በ1795 ጎረቤቶቻቸው አገሪቱን ተካፍለው ጨረሷት። ጎረቤቶቹ በአከፋፈሉ መስማማታቸውን ልብ ይሏል። ቤልጅየሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 ምርጫ በኋላ 541 ቀን መንግሥት መመሥረት አቅቷቸው ቆዩ። የኛዎቹ ይህን ሲሰሙ የሚያፍሩ እንዳይመስላችሁ፤ ሪከርዱን ለመስበር ነው የሚነሡት።

በአንጻሩ ከማን መጠንቀቅ እንዳለብን ልናገር። ማንዴላ 27 ዓመት ታስረው ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ያሰራቸውን ፓርቲ መሪ ደ ክለርክን ምክትላቸው አድርገው በአንድ ካቢኔ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ነገር ከተለመደ የፓርቲ ቃል አቀባዮች ምን ሊበሉ ነው? ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተሰድረን «አፈር አስጋጠው!» የምንለው እኛስ? እኔ ራሴ የማልደግፈው ፓርቲ ጥሩ ሐሳብ ባቀረበ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። አንዴ ሳላውቅ ራሴን ነቅንቄ፣ ባለቤቴ አይታኝ እንደሆነ ዘወር ብዬ አረጋግጫለሁ።

ለማንኛውም ያ ክርክር ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንዲት ወጣት በስልክ ገባች። ተመርቃ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ እስካሁን ሥራ አላገኘችም። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። «ማናችሁ ትክክል እንደሆናችሁ አልጠይቅም፤ ሁለታችሁም የምትስማሙበት አንድ ነገር ካለ እሱን ብቻ ንገሩኝና ከነገ ጀምሩት» አለች።

ሁለቱ ተወካዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። ከዚያም እኩል አፋቸውን ከፈቱ፦ «ጥያቄዋ ከአጀንዳ ውጪ ነው።»

አወያዩ ደስታው ፊቱ ላይ ሲወጣ ይታያል፤ «እንግዲህ በዚህ ተስማምታችኋል» አለ። ቀኝ በኩል የተቀመጠው ጣቱን አነሣ፦ «ይመዝገብልኝ፤ ቀድሜ ያልሁት እኔ ነኝ።» ግራ በኩል ያለው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ወጣቷ መስመር ላይ ትኑር አትኑር አልተሰማም።