ደረሰኝ ለያዘ ጎብኚ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መውጫ ላይ አንድ ጀግና አየሁ። መኪናው ውስጥ ሆኖ የመግቢያ ደረሰኙን በስካውቱ፣ በፓርኩ ጥበቃ፣ ፊት ያውለበልባል። ገንዘቡ እንዲመለስለት ነው። አንበሳ አላየማ!

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ብድግ ብዬ እጅ ልነሳው ምንም አልቀረኝም።

ምን አጠፋ? ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ነድቶ መጥቷል። አዳማ ላይ ቁርስ፣ መተሐራ ላይ ምሳና ቡና፣ ከዚያ ቀን 7 ሰዓት ላይ ፓርኩ ገባ። በዚያ ሰዓት እንኳን አንበሳ የመተሐራ ፍየልም ጥላ ፈልጋ ተኝታለች። አንበሳ ደግሞ በቀን ውስጥ 20 ሰዓት ያህል እያረፈ የሚውል ፍጡር ነው። ሰው ከፍሎ መጥቶ!

እንደኔ እንደኔ አንበሳው ፈርሞ መግባት አለበት። ጠዋት 2:30 ፊርማ። ምሳ ሰዓት አንድ ከርከሮ። 7:30 ላይ ተመልሶ ፊርማ። ከቀረ ደመወዙ፣ ማለቴ ከርከሮው፣ ይቆረጥበት። ፈቃድ ከፈለገ ሦስት ቀን ቀድሞ ያመልክት። አሞኛል ካለ የሐኪም ወረቀት ያምጣ። ጎፈሩን ሳያበጥር ሥራ ቦታ የተገኘ የቃል ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። ማግሳትም በወረፋ ይሁን፤ መጀመሪያ ከሕፃናት ጋር ለመጡ፣ ቀጥሎ ለሙሽሮች። ሴቷ አንበሳ አድና ወንዱ ቀድሞ የሚበላበት አሠራርም በግምገማ ይታይ። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የደረሰው አንበሳ ከተማ ይዛወርና ሽቦ አጥር ውስጥ ይመደብ። እዚያ ቢያንስ ከሥራ ገበታው አይጠፋም።

ለነገሩ ሰውዬውን ቀደም ብዬ እዚያው ፓርኩ ውስጥ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ አይቼዋለሁ። ከፊቴ ነበር የሚነዳው። የሳላ መንጋ ቆሞ ሣር ይግጣል። ያ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ቀንድ፣ ያ ጥቁርና ነጭ ፊት! ወንዱም ሴቷም ቀንዳም ስለሆኑ ማን ማን እንደሆነ እየለየሁ ልዝናና ስል ክላክሱን ለቀቀው። ፊታቸውን እንዲያዞሩለት ነው። ዞሩለት፤ በጀርባቸው። ከዚያ መንገዱን ትቶ ሣሩ ላይ እየነዳ ተከተላቸው። ስፒከሩ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን የሚቆይ እንስሳ ነው። ያለ ሙዚቃ ግን እስከዛሬ እንዴት እንደቆየ እንጃ። በ756 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድም ሞቅ ያለ ዘፈን አለመኖሩ ያሳዝናል።

ስካውቱ «ጋሼ፣ እባክዎ ወደ መንገዱ ይመለሱ» ቢለው መልሱ አጭር ነበር። «ከፍዬ ነው የገባሁት!»

ፏፏቴው ጋም ያው ነው። አዞ ባለበት ወንዝ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሰልፊ ተነሳ። አዞ ደረሰኝ ያከብራል ብሎ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ልሳቅ። አንድ ነገር ላይ ግን ሳቄ ይጠፋል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት ፓርኩን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ዳር ላይ ዝንጀሮዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ለምን? ከመኪና መስኮት ዳቦና ሙዝ እንደሚወረወር ስላስተማርናቸው ነው። እናት ልጇን አዝላ ብስኩት ልታነሳ መሀል ትገባለች። ከኋላ ተሳቢ ይመጣል። ብስኩቱን የወረወርከው አንተ ነህ። እንስሳ ወዳድ ነኝ አትበል! የቀረጽከው ቪዲዮ ዝንጀሮዋ ብስኩቱን ስትይዝ ያበቃል፤ ቀጥሎ የመጣውን አላየህም፣ ማየትም አትፈልግም። የጣልከው ላስቲክና የጫትህ ገረባም እዚያው ነው።

ወደ ጀግናችን ልመለስ። መውጫው ላይ ከኋላው አምስት መኪና ተሰልፏል። ሁላችንም ላብ በላብ ሆነናል። እሱ ግን አንበሳውን ሳያዩት መሄድ የለም ብሏል።

ስካውቱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ አላዩትም እንጂ እሱ እርስዎን ሳያይዎት አይቀርም» አለው።

ሰውዬው ትንሽ አሰበ።

«እና እሱስ ከፍሏል?»