«ከመስኮቱ ውሃው ይታይ ነበር አይደል?»

ከጉዞ ወኪሉ ቢሮ ከወጣሁ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላኝም፤ ደሜም ገና አልበረደም። እኔና ባለቤቴ በዚሁ ወኪል በኩል ወደ ደቡብ ሕንዷ ኬራላ ያደረግነውን ጉዞ ነገር አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት ከሥሩ አልጀምርም። አንድ ሳምንት ሙሉ የሻይ ተራራ፣ የውሃ መንገድና የባሕር ዳርቻ ተብሎ ከተሸጠልን ውስጥ ያልተፈጸመው እንዲመለስልኝ ነበር የሄድኩት። የጠየቅሁት ስጦታ ሳይሆን የአንዲት ሌሊት ሂሳብ ነው።

ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ «በአላፑዛ የምናድረው ጀልባው ላይ እንደሆነ ተጽፏል፤ ያደርነው ግን ሆቴል ነው» አልሁት። ልጁ፣ ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ልጅ፣ ወረቀቱን ዝቅ ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ጋሼ፣ ሆቴሉ ውሃው ዳር አልነበረም?» አለኝ። «ነበር።» «ከመስኮቱ ውሃው ይታይ ነበር አይደል?» «ይታይ ነበር፤ ነገር ግን…» «ጀልባስ አልተሳፈራችሁም?» «ለአጭር ጊዜ በትንሽ ጀልባ አዙረውናል።» «ታዲያ ምን ቀረብዎት?» ብሎ ከኋላዬ ወደ ተሰለፉት ሰዎች ፈገግ አለ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያዎ ስለሆነ ነው፤ ብዙ የዞረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አያነሣም» አለ። ከተሰለፉት መካከል አንድ ዕድርተኛዬ ነበሩ፤ እሳቸውም ሳቁ። ነገ ደብረ ብርሃን በሙሉ ይህን ወሬ እንደሚሰማ አልጠራጠርም።

የቀረብኝን ልንገረው። የኬራላው የማደሪያ ጀልባ፣ እነሱ ኬቱቫላም የሚሉት፣ ድሮ ሩዝ ይጭን የነበረ፣ ሳንቃው ያለ ሚስማር በኮኮናት ገመድ እየተሰፋ የሚሠራ ጀልባ ነው። በቬምባናድ ሐይቅና በዙሪያው ባሉት የውሃ መንገዶች ላይ ሲጓዝ ይውልና፣ ሲመሽ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እንዲዘረጉ ሲባል መልሕቁን ጥሎ ይቆማል። በዚያ አካባቢ ከባሕር ወለል በታች ባለ መሬት ላይ፣ ውሃውን በግድብ ከልለው ሩዝ ያርሳሉ፤ ጀልባው ላይ የተቀመጠ ሰው እርሻውን የሚያየው ቁልቁል ነው። የተሸጠልኝ ይህንን ማየትና የዚያ ሌሊት ጸጥታ ነበር። ያገኘሁት ግን ከመስኮቴ ሥር ሲያጓራ የሚያድር የሆቴል ጄኔሬተር ነው።

የሻይ እርሻ ስላለባት ስለ ተራራማዋ ሙናር ደግሞ ምን ልበል? «ብርዱን ይወዱታል» ተባልን። ለደብረ ብርሃን ሰው ብርድ በዶላር ተሸጠለት! አስጎብኚው ሹራብ ደርቦ እየተንዘፈዘፈ፣ የደቡብ ሕንድ ከፍተኛው ጫፍ የሆነውን አናሙዲን ከሩቅ አሳየንና ቁመቱ 2,695 ሜትር መሆኑን ሲነግረን፣ ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «ከእኛ ቤት ጓሮ ያንሳል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የሻይ እርሻው ውበት ግን አይካድም፤ ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኤራቪኩላም ፓርክ ገብታችሁ ኒልጊሪ ታር የሚባለውን የተራራ ፍየል ታያላችሁ ተብሎ በውሉ ተጽፏል። በር ላይ ስንደርስ ፓርኩ ተዘግቷል። በየዓመቱ ከየካቲት ጀምሮ እንስሳቱ በሚወልዱበት ወቅት እንደሚዘጋ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ትኬት የሸጠልን ቢሮ ብቻ ነው። እዚሁ መንዝ ጓሳ ብወጣ ኖሮ ጭላዳ በመንጋ፣ ዕድል ከቀናኝም ቀይ ቀበሮ አይ ነበር።

ቴካዲ ስንደርስ የፔሪያርን ሐይቅ ከማየታችን በፊት ቅመማ ቅመም መሸጫ አስገቡን፤ ከእሱ ስንወጣ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1895 በተሠራው ግድብ ሰበብ የተፈጠረው ሐይቅ፣ ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ግንድ ዛሬም ከመሐሉ ብቅ ብሎ የሚታይበት ስፍራ ነው ተብለን ነበር። ሱቅ ውስጥ ሄል ስናሸት በሐይቁ ላይ የሚያዞረን ጀልባ ጥሎን ሄደ። የሾፌሩና የሱቁ ባለቤት መጠቃቀስ ግን፣ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ስመለስ በታሪፉ ላይ እጥፍ ያስከፈለኝንና «ካልፈለጉ ይውረዱ» ያለኝን የሚኒባስ ረዳት አስታወሰኝ። ጥቅም የሚጋሩ ሰዎች በየትም አገር በዓይን ይግባባሉ።

በዐቢይ ጾም መሆናችንን አስቀድሜ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር። «ሥጋ የለበትም» እያሉ እርጎና ቅቤ አቀረቡልን፤ ሩዝና ሙዝ ባይኖር ኖሮ በረሃብ አልቀን ነበር። በኮታያም ስናልፍ፣ ይህ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆነችው የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንበር ያለበት ከተማ ነውና ለአንድ አፍታ ወርደን እንሳለም ብዬ ለመንሁ። «ፕሮግራም ላይ የለም» ተባልሁ። ሱቆቹስ የትኛው ፕሮግራም ላይ ነበሩ? የወደብ ከተማዋ ኮቺ ላይም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1524 የሞተው ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ መጀመሪያ በተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን፣ እ.ኤ.አ. በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋር አገራችንን ሊረዳ የዘመተው ክርስቶፎር ዳ ጋማ ልጁ መሆኑን ለባለቤቴ ነግሬ ሳልጨርስ አስጎብኚው ሰዓቱን እያሳየ አስወጣን። አባቴን ሒሳብ ያስተማሩት ሕንዳዊ የዚያው የኬራላ ሰው ነበሩ፤ አገራቸውን አየሁልህ ልለው አስቤ ነበር፤ በመኪና መስኮት ያየሁትን ምን ብዬ ልንገረው?

ባሕሩማ! የባሕር ዳርቻው ያለበት ኮቫላም የደረስነው ከጨለመ በኋላ ነው። የመብራት ማማው ብርሃኑን ሲያዞር፣ አልፎ አልፎ ነጭ አረፋ ይታየን ነበር። ሲነጋጋ መኪናው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሊወስደን ደጅ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ ሮጣ እግሯን እንኳ እንዳትነክር ሾፌሩ ተቆጣ። እንግዲህ «ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያዎ ነው» የተባልኩት በዚህ ባሕር ነው።

ባለቤቴ ተወው ትለኛለች፤ እኔ ግን አልተወውም። ልጁ «ሰኞ ተመለሱ፣ ሥራ አስኪያጁ ይኖራሉ» ብሎኛል። ውሉን ኮፒ አድርጌ እመለሳለሁ። ካልሆነም ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት እላለሁ፤ እዚያም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እንደምባል ከወዲሁ አውቀዋለሁ።