«ወላጆች ይደብቃሉ» ማለት ይብቃ

ሰሞኑን ስለ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ስለመማራቸው፣ በተጠራ አንድ የምክክር መድረክ ላይ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ለምን ትምህርት ቤት እንደማይታዩ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ ዋናው ማነቆ ቤተሰብ ነው ብለው መለሱ። ወላጆች ልጆቻቸውን ስለሚደብቁ የዘንድሮው ትኩረት ግንዛቤ ማስጨበጥ ላይ ይሆናል አሉ። ይህ መልስ አዲስ አይደለም፤ ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ይደገማል። አሁን ግን ዝም ሊባል አይገባም፤ ምክንያቱም ከባዱን ሥራ ያለ ደመወዝ ተሸክሞ የኖረውን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ ያቆማል።

ልጁን የሚደብቅ ወላጅ የለም አልልም፤ አለ። ግን መቼ መደበቅ እንደጀመረ የጠየቀው ማን ነው? አንዲት እናት ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባትን የ7 ዓመት ልጇን ለማስመዝገብ ስትወጣ የሚገጥማት ነገር ከወረዳ ወረዳ ብዙም አይለያይም። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር ልዩ ክፍል ያለው ሌላ ትምህርት ቤት እንዳለ ነግሮ ይሸኛታል። እዚያ ስትደርስ የልዩ ፍላጎት መምህሯ አንድ ብቻ ናት፣ ክፍሉም ሞልቷል፤ ለከርሞ ተመለሽ ትባላለች። ሦስተኛው ይቀበላታል፤ ግን ረዳት ይዘሽ ነይ ይላታል። ረዳት ማለት ራሷ ናት፤ ሥራዋን ትታ ግቢው ውስጥ ስትጠብቅ መዋል አለባት። እምቢታው ሁሉ በቃል ነው። ወረዳ ሄዳ አቤት ልበል ብትል የምታሳየው ወረቀት የላትም። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ላይም የተመለሰች ልጅ የምትባል የለችም፤ ያልመጣች ልጅ ናት ያለችው። ኃላፊው «ተደበቁ» የሚሏቸው ብዙዎቹ ልጆች በር አንኳኩተው የተመለሱ ናቸው። የደበቃቸው ሪፖርቱ ነው።

ተቀበሏት እንበል። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ወደ ቤት የሚመልሳት ሒሳብ ወይም አማርኛ አይደለም፤ ሽንት ቤት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ደረጃ አለው፣ በሩ ጠባብ ነው፣ ውስጡም ቁጢጥ ተብሎ የሚገለገሉበት ቀዳዳ ነው። እግሯ የሚገታተር ልጅ ቁጢጥ ማለት አትችልም። ዊልቸር ለማስገባት በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ውስጥ ገብቶ ለመዞር ደግሞ 1 ሜትር ተኩል ያህል ቦታ። ሁለቱም የሉም። ስለዚህ እናት ልጇ ክፍል ውስጥ እንዳትዋረድ ጠዋት ውሃ ትከለክላታለች፤ ቁርሷ ደረቅ ዳቦ ይሆናል። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ዘንድ የሆድ ድርቀት ቀድሞም የተለመደ ችግር ነው፤ ውሃ ሲቀነስ ይብሳል። ሽንት ሲያዝ መዋል ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ልጅቷ ትታመማለች፣ ከትምህርት ትቀራለች፣ ስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ይበዛል፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ አቋረጠች ትባላለች። በሚቀጥለው መድረክ ላይም ቤተሰቧ ግንዛቤ የጎደለው ሆኖ ይቀርባል።

ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ሥራ ትንሽ ነው። ከሽንት ቤቶቹ የአንዱን በር ማስፋት፣ ግድግዳው ላይ ግራና ቀኝ የሚያዝ ብረት መትከል፣ ቀዳዳው ላይ መሀሉ የተበሳ የማይነቃነቅ ወንበር ማስቀመጥ ነው። ብረቱንም ወንበሩንም የሰፈር ብየዳ ቤት ይሠራቸዋል። 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው መወጣጫ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ማለት ነው። በየቦታው እንደምናየው ግማሹን አሳጥረው ከሠሩት ግን ዊልቸሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ይህ ደግሞ ችሮታ አይደለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ መግቢያውም መጸዳጃ ቤቱም ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ገና በ2001 ዓ.ም. አዟል። ለአዳራሽ፣ ለባነር፣ ለቲሸርትና ለአበል በጀት የሚገኝለት መሥሪያ ቤት ለአንድ በር ማስፊያ በጀት የለኝም ሊል አይችልም።

ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ወደ ሕክምናው ይምጣ። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በፖንሴቲ ዘዴ ሲታከም ሐኪሙ በየሳምንቱ ጀሶ እየቀየረ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ያስርለታል፤ አብዛኞቹ ላይ የተረከዙ ጅማት ይቆረጣል። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። በብረት ዘንግ የተያያዘውን ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማታ ማታ የሚያደርግለት ወላጅ ነው። ማሰሪያው ከላላ ተረከዙ እየተንሸራተተ ቆዳውን ይልጠዋል፤ ልጁ ሌሊቱን ያለቅሳል። እግሩ ሲያድግ ጫማው ይጠባል፤ ተለቅ ያለው ቁጥር ደግሞ ያለው ሆስፒታል ነው፣ ሆስፒታሉም ሩቅ ነው። ጫማው ያለ ጊዜው ከወለቀ እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። ለዓመታት ሌሊት እየተነሳ ማሰሪያ የሚያጠብቅ አባት፣ ለአንድ ጫማ ሁለት አውቶቡስ የምትቀያይር እናት፣ ምን ዓይነት ግንዛቤ ነው የሚሰጣቸው?

በዚህች አገር ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነጋገር ያስጀመሩንም ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ1990ዎቹ አጋማሽ የከፈቱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። መንግሥት ባልነበረበት ቦታ ቤተሰብ ቤት ተከራይቶ፣ መምህር አሠልጥኖ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆችን ስም መዝግቦ ሠርቷል። እንዲህ ያለውን ወገን ማነቆ ብሎ መጥራት ነውር ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሕጉ ራሱ ለኃላፊው መልስ ያለው መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 ላይ የልጆችን መደበቅ በስሙ ጠርቶ ያነሳዋል። እንዳይደበቁ፣ እንዳይጣሉና እንዳይገለሉ መንግሥታት ለልጆቹና ለቤተሰቦቻቸው በጊዜው የተሟላ መረጃ፣ አገልግሎትና ድጋፍ ለመስጠት ግዴታ ይገባሉ ይላል። መደበቅን የሚከላከለው ድጋፍ ነው፤ ግዴታውም የመንግሥት ነው። ኃላፊው ግን ግዴታውን ገልብጠው ለወላጅ አሸከሙት።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ልጁ አድጎ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላም እሱን ወደ ጎን አድርጎ የሚናገርለት፣ የሚወስንለት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ይህ መቆም አለበት። ነገር ግን ራሱን ችሎ የሚወስን ሰው የሚወጣው ከተማረ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ እዚያው በሩ ላይ ያደርሰናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ቁርጥ ያለ ነገር ነው። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ወላጅ አንድ ወንበር ይኑረው፤ የሽንት ቤቱና የመወጣጫው ጉዳይ ሲወሰን ድምፅ ይስጥ። ምዝገባ ሲከፈት ደግሞ ልጅ ያልተቀበለ ትምህርት ቤት ሁሉ ምክንያቱንና ቀኑን በማኅተም ጽፎ አንዱን ቅጂ ለወላጅ፣ ሌላውን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይስጥ። መስከረም ላይ እነዚያ ደብዳቤዎች ይቆጠሩ። ስንት ልጅ በወላጁ እንደተደበቀ፣ ስንቱ ከበር እንደተመለሰ ያኔ ከኃላፊው ጋር ቁጥር ይዘን እንነጋገራለን።