የሚጠግነውን እጅ አትናቁ

ወገኖቼ፣ መጣል ለምደናል። እጀታው የወለቀ ድስት፣ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ የተበጠሰ ካውያ፣ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ፣ ባትሪው የደከመ ስልክ፣ ሁሉም መንገዱ ወደ ገንዳ ሆኗል። ከመጣሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። መጠገንን የድህነት ምልክት፣ ጠጋኙን ደግሞ የበታች ሰው አድርገናል። በልጆቻችን ፊት «አሮጌ ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው» ስንል ምን እያወረስናቸው እንደሆነ ልብ አንልም።

እስቲ አንድ ቀን መርካቶ ምናለሽ ተራ ግቡ። ለመግዛት አትቸኩሉ፣ ቆማችሁ እዩ። የዘይት በርሚል በመሮ ይሰነጠቃል፣ በመዶሻ እየተደበደበ እንደ ሉህ ይዘረጋል፣ ከዚያም የከሰል ምድጃና ሳጥን ይሆናል። የከባድ መኪና ባሌስትራ በእሳት ግሎ ቢላዋና መጥረቢያ ይወጣዋል። ከፈረሰ ቤት የመጣ ጥምዝምዝ ያለ ፌሮ እየተቃና እንደገና ለግንባታ ይሸጣል። ጎማው ይቀደድና ጫማ ይሆናል፣ የተረፈው ጭራፊ እንኳን ለማሰሪያ ይቆረጣል። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ንድፍ የሚባል ነገር በወረቀት አላዩም። የብረቱን ውፍረት በድምፁ፣ የእሳቱን ልክ በቀለሙ ያውቁታል። ይህ ዕውቀት ነው፤ ያውም በዓመታት የተገዛ ዕውቀት! ገበያውን የሚመግበው ደግሞ ጆንያውን አንጠልጥሎ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ነው። ብረቱንና ጠርሙሱን ከደጃችን እያነሣ ከተማችንን ሲያጸዳልን፣ ከእኛ መካከል በአክብሮት የሚያናግረው ስንት ሰው ነው?

በረባሶን ታውቁታላችሁ። ገበሬው ድንጋዩንም እሾሁንም የረገጠበት የጎማ ጫማ ነው። የከተማ ሰው የደሃ ጫማ ብሎ አፈረበት። ዘነበወርቅ አካባቢ ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን ግን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስታቋቁም የተነሣችው ከዚሁ ከናቅነው ጫማ ነበር። ጫማዋ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ ጊዜ እኛም አጨበጨብን። የራሳችንን ብልሃት ለማክበር የውጭ ሰው ገንዘቡን እስኪከፍልበት መጠበቅ ያሳፍራል፤ ሊያሳፍረንም ይገባል።

ይህ ንቀት የዛሬ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው ስም እየሰደብን፣ ከጋብቻና ከማዕድ እያራቅን ኖረናል። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን እህል አመረትንበት፣ ሰውየውን ግን ዓይኑ ያስፈራል አልን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ እስከ መናገር ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ከአደባባይ ጠፋ እንጂ ከልባችን መች ወጣ? ልጁ የብየዳ ባለሙያ የሆነ ቤተሰብ ለሽምግልና ሲሄድ የሚገጥመውን ፊት የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ቆሼ ላይ የሆነውንም አትርሱ። የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። በዚያ ክምር ሥር ብዙዎች እኛ የጣልነውን እየለቀሙ፣ እየለዩ፣ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። የተናደው ክምር የእያንዳንዳችን ቤት ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ሲያጸድቅ «ታዲያ በምን እንሸከም?» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እናቶቻችን በዘንቢል ነበር ገበያ የሚሄዱት! አንድ ዘንቢል ዓመታት ያገለግላል፣ ጆሮው ሲበጠስ ይሰፋል። የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳን ሳይሞላ እንዴት እንዲህ ረሳነው?

ገንዘቡን አስቡት እንጂ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በ57 ብር አካባቢ ከነበረበት በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ይህን እያማረርን ሊጠገን የሚችለውን ጥለን አዲስ እንገዛለን። ሐረር ፔጆ 404ን ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት ያመላለሱት መካኒኮች መለዋወጫ ከፋብሪካ እየተላከላቸው አልነበረም። የጠፋውን ቁራጭ ቶርኖ ቤት ወስደው አስቀረጹ፣ ከአንዱ ፈተው ለሌላው ገጠሙ፣ ሠሩት።

«ችግር ብልሃትን ይወልዳል» ስንል እንሰማለን። ችግር ብቻውን አይወልድም። እጁ ያልሠለጠነ፣ ጠያቂ አእምሮ ያላዳበረ ሰው ሲቸገር የሰው እጅ ያያል፣ አለዚያም ይሰደዳል። ብልሃት የሚመጣው ከመነካካት፣ ከመፍታት፣ አበላሽቶ እንደገና ከመሞከር ነው። ሬዲዮ ፈቶ የተገኘን ሕፃን የምትገርፉ ወላጆች፣ እጃችሁን ሰብስቡ። መፍቻ ስጡት፣ ከአጠገቡም ተቀመጡ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ የሚቀላቅል ሰው በመካከላችን «ጮሌ ነው» እየተባለ ሲደነቅ እሰማለሁ። ይህ የወገንን ሆድ መመረዝ ነው፤ ብልሃተኛ ብላችሁ አትጥሩት፣ አትሳቁለትም። እናንተም ጠጋኞች ስሙ። ስልኩን ለጥገና አምኖ የሰጣችሁን ሰው ደህናውን ዕቃ አውጥታችሁ ብልሹ የምትገጥሙለት፣ «ነገ ና» እያላችሁ ወር የምታመላልሱት፣ የሙያውን ስም የምታጠፉት እናንተ ናችሁ። ሰው አሮጌውን የሚጥለው አንዳንዴ ከናንተ ከመታለል መጣሉ ስለሚቀለው ነው። አስከባሪ ሥራ ሥሩ። የምታስጠግኑትም ብትሆኑ ለአዲሱ ዕቃ ሺህ ብር ሳትከራከሩ ከፍላችሁ፣ ለጠጋኙ ሃምሳ ብር ስትጨምሩ ግማሽ ቀን አትጨቃጨቁ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ምን አልናቸው? «ወደቁ» አልናቸው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግባ ማለት በብዙ ቤት እንደ ቅጣት ይነገራል። የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠፋ ግን ከተማውን ሙሉ እናስሳለን፤ መጥቶ እስኪሠራልን ድረስ እንለምነዋለን፣ ሲሄድ ልጃችን እንደሱ እንዳይሆን እንመክራለን። ተዉ! የዘንድሮ ውጤት ሲወጣ «ወደቀ» የምትለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡ። ልጁን ወይም ልጅቱን ይዛችሁ ራሳችሁ ኮሌጁ ድረስ ሂዱ። የብየዳውን፣ የኤሌክትሪኩን፣ የአውቶ መካኒኩን ክፍል ገብታችሁ እዩ። ማሽኑ ይሠራል ወይስ አቧራ ለብሷል? ተማሪው በእጁ ይነካዋል ወይስ ከሰሌዳ ይገለብጣል? ጠይቁ። መልሱ ካላጠገባችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፤ የሌሎችን ተማሪዎች ወላጆች ይዛችሁ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሂዱ።