ወጣቱ ኳስ አልጠላም፣ ክፍያው ነው የከበደው
ይህን አስተያየት የጻፍኩበት ጽሑፍ በእንግሊዝ የፕሪሚየር ሊግ የቴሌቪዥን ተመልካች የቀነሰው ወጣቱ 90 ደቂቃ የመቀመጥ ትዕግስት ስላጣ ነው ይላል። በዚህ አልስማማም። የምኖረው ለንደን ነው። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች ኳስ ነፍሳቸው ነው፤ ክፍያው ግን አይቀመስም። የአንድ ክለብ ጨዋታዎችን ለመከታተል ስካይም ቲኤንቲም የሚባሉት የክፍያ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። ሁለቱንም ከፍለህ እንኳ ቅዳሜ ከሰዓት በ9 ሰዓት የሚጀመረውን ጨዋታ በቀጥታ አታይም። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ክልከላ አለ፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የትናንሽ ክለቦች ስታዲየም ባዶ እንዳይቀር ተብሎ የመጣ ነው። ዓላማው ይገባኛል፣ እነዚያ ክለቦች የሚኖሩት በትኬት ገቢ ነው። ከላይ በሰጠኸው አስተያየት «እኛ አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን እናየዋለን» ያልከው ወንድሜ ልክ ነህ። አንተ የምታየውን የቅዳሜ ጨዋታ ስታዲየሙ አጠገብ የሚኖረው ሰው በቴሌቪዥኑ አያገኘውም። ስለዚህ ብዙዎች በሕገወጥ ሊንክ ያያሉ፤ እነሱ ደግሞ በተመልካች ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ጽሑፉ ያልነካው ሌላም ነገር አለ። ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ስካይ ብቻውን ቢያንስ 215 ጨዋታ ያስተላልፋል፤ ቀድሞ 128 ነበር። እሁድ በ8 ሰዓት የሚጀመሩት ጨዋታዎች በሙሉ አሁን በቀጥታ ይታያሉ። በተመሳሳይ ሰዓት ብዙ ጨዋታ ሲቀርብ ተመልካቹ ይከፋፈላል፣ የእያንዳንዱ ጨዋታ አማካይ ቁጥርም ይወርዳል። ጸሐፊው የጠቀሱት ይህን አማካይ ነው ወይስ የሁሉንም ጨዋታዎች ድምር? ቢያብራሩልን ጥሩ ነው።